የመሬት አጠቃቀም ሲለወጥ የሕዝብ አገልግሎቶችን ቀሪ አቅም እንዴት እንለካለን? ለጅማ ከተማ የተዘጋጀ ዝርዝር መመሪያ

የመሬት አጠቃቀም ለውጥ ሲጠየቅ የአገልግሎት አቅም ግምገማ የሚያዘጋጅ ባለሙያ ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው በአንድ ቦታ ላይ ነው፤ አገልግሎቱ መኖሩን ብቻ አይቶ አቅም እንዳለው አድርጎ ይጽፋል። «በአካባቢው ትምህርት ቤት፣ ጤና ጣቢያና የውሃ መስመር ስላለ ለውጡ የሚያስከትለው ጫና የለም» የሚለው ዓረፍተ ነገር በየሰነዱ ተደጋግሞ ይገኛል። ትምህርት ቤቱ መኖሩን ግን የጠየቀ ሰው የለም። የተጠየቀው አሁን ከሚያስተምራቸው ልጆች ሌላ ስንት መቀበል እንደሚችል ነው።

ከዚህ በታች ያለው የሥራ ቅደም ተከተል በአንድ ቀመር ላይ የቆመ ነው፦

ቀሪ አቅም = አገልግሎቱ ሊሰጥ የሚችለው − አሁን እየተሰጠ ያለው − ለሌሎች ቃል የተገባው

ሦስቱም ቁጥሮች በእጅዎ ሳይገቡ ስለ «በቂነት» አይጻፉ። ለማስረዳት የምጠቀምበት ባለ 3 ሄክታር ቦታ ለስሌት ማሳያ የተወሰደ ምሳሌ ነው፤ የእርስዎን ቁጥሮች በእርስዎ ቦታ ላይ ሰብስበው ይተኩ።

ከመጀመርዎ በፊት

የሚከተሉትን ሳያሟሉ ወደ መስክ አይውጡ።

- የመዋቅራዊ ፕላኑን (የመላ ከተማዋን ፕላን) የመሬት አጠቃቀም ካርታ፣ ለቦታው ተዘጋጅቶ ከሆነ ደግሞ የአካባቢ ልማት ፕላኑን። የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000 ፕላኖቹን በእነዚህ ሁለት ደረጃዎች ስለከፈላቸው፣ ለውጡ የሚነካው አንዱን ብቻ ይሁን ሁለቱንም አስቀድመው ይለዩ።
- ባለፉት አምስት ዓመታት በአካባቢው የተሰጡ የግንባታ ፈቃዶችንና የጸደቁ የአጠቃቀም ለውጦችን ዝርዝር።
- ከውሃ፣ ከመብራት፣ ከትምህርትና ከጤና መሥሪያ ቤቶች መረጃ የሚጠይቅ ደብዳቤ። ደብዳቤው «በቂ አቅም መኖሩ ይገለጽልን» ብሎ ከጠየቀ የሚመጣው መልስም «አለ» የሚል አንድ መስመር ነው። የሚፈልጓቸውን ቁጥሮች በስም ዘርዝረው ይጠይቁ።
- ከቡድኑ አባላት ቢያንስ አንድ አፋን ኦሮሞና አማርኛ አቀላጥፎ የሚናገር ሰው። የቀበሌው ነዋሪ ስለ ውሃ ፈረቃ ትክክለኛውን የሚነግርዎት በሚመቸው ቋንቋ ሲጠየቅ ነው።

የመለኪያ ጊዜን ይምረጡ

ይህ ንዑስ ርእስ ቀላል መስሎ ብዙ ሰነድ ያበላሸ ነው። በጅማ ዝናቡ ረጅም ወራት ስለሚዘንብ አብዛኛው የመስክ ሥራ በእርጥብ ወቅት ይወድቃል፤ በዚያ ወቅት የተለካ የውሃ ግፊት ደግሞ ያታልላል። እኔ በነሐሴ ወር ለክቼ «ግፊቱ ጥሩ ነው» ብዬ የፈረምኩበት ሰፈር ነበር። በየካቲት ተመልሼ ስሄድ የሰፈሩ ሴቶች ሌሊት 9 ሰዓት ተነሥተው ቢጫ ጀሪካኖቻቸውን በአንድ ቀጭን ክር በሚወርድ ቧንቧ ሥር አሰልፈው አገኘኋቸው። ቧንቧው ያው የለካሁት ቧንቧ ነበር። ከዚያ ወዲህ ውሃን በጥርና በየካቲት፣ ጎርፍን በሐምሌና በነሐሴ፣ የተማሪ ቁጥርን ምዝገባው በሚረጋበት በጥቅምት፣ የጤና ጣቢያን ጫና ወባ በሚበረታባቸው ከመስከረም እስከ ኅዳር ባሉት ወራት እለካለሁ። የጊዜ ገደብዎ ይህን ካልፈቀደ የመሥሪያ ቤቶቹን የእነዚያን ወራት መዝገብ ይጠቀሙ፤ በሰነዱም ላይ መቼ እንደተለካ ይጻፉ።

ደረጃ 1፦ የተፅዕኖ ወሰኑን ያስምሩ

በካርታ ላይ በኮምፓስ ክብ ስቦ «ይህ የአገልግሎት ክልሉ ነው» ማለት በጅማ አይሠራም። የአዌቱ ወንዝ ከተማዋን ሰንጥቆ ስለሚያልፍ በአየር 600 ሜትር የሚርቅ ትምህርት ቤት በድልድይ ሲዞሩ ከእጥፍ በላይ ሊርቅ ይችላል። መንገዱን በእግር ይሂዱበት፤ ቢቻል ልጆች ወደ ትምህርት ቤት በሚሄዱበት ሰዓት ከእነርሱ ጋር ይሂዱ። ወሰኑም ለሁሉም አገልግሎት አንድ አይደለም፤ የውሃው ወሰን የመስመሩና የማጠራቀሚያው ክልል ነው፣ የመብራቱ ወሰን ትራንስፎርመሩና መጋቢ መስመሩ ነው፣ የጎርፉ ወሰን ደግሞ ተፋሰሱ ነው። ለእያንዳንዱ የተለየ መስመር ያስምሩ።

ደረጃ 2፦ የሚጨምረውን ሕዝብ ያስሉ

ስሌቱ የሚነሣው አዲሱ ምደባ ከሚፈቅደው ከፍተኛ ግንባታ ነው። አመልካቹ ያቀረበውን ንድፍ መነሻ ማድረግ ከባድ ስሕተት ነው፤ ንድፉ ነገ ሊለወጥ፣ ቦታውም ሊተላለፍ ይችላል፤ ምደባው ግን ይቆያል።

ምሳሌው እንዲህ ነው። 3 ሄክታር መሬት ላይ እያንዳንዳቸው 300 ካሬ ሜትር የሆኑ 60 ይዞታዎች አሉ፤ ድምሩ 18,000 ካሬ ሜትር ነው። ቀሪው መንገድና ክፍት ቦታ ነው። አሁን የሚፈቀደው ባለ አንድ ፎቅ መኖሪያ ሲሆን የተጠየቀው ጂ+4 (ምድር ቤትና በላዩ አራት ፎቅ) የመኖሪያና የንግድ ቅይጥ አጠቃቀም ነው።

*አሁን ያለው።* 60 ይዞታ ማለት 60 ቤተሰብ አይደለም። በጅማ ሰፈሮች በዋናው ቤት ጀርባ የሚከራይ ሰርቪስ ቤት የተለመደ ስለሆነ ቤት ለቤት ይቁጠሩ። በምሳሌው በአማካይ በአንድ ይዞታ 2 ቤተሰብ ተገኝቷል እንበል፤ 120 ቤተሰብ፣ በቤተሰብ 4 ሰው ሲሰላ 480 ሰው ይሆናል።

*የሚመጣው።* 50 በመቶ ሽፋን ቢፈቀድ አንዱ ወለል 9,000፣ አምስቱ ወለሎች 45,000 ካሬ ሜትር ይሆናሉ። ምድር ቤቱ ለንግድ ይያዝና 36,000 ይቀራል። ለደረጃና ለመተላለፊያ 20 በመቶ ሲቀነስ 28,800 ይሆናል፤ በ80 ካሬ ሜትር ሲካፈል 360 ቤተሰብ፣ 1,440 ሰው ይወጣል። ጭማሪው 960 ሰው ነው።

ጥንቃቄ፦ የቤተሰብ ብዛቱን በየሰፈሩ ይመርምሩ። በዩኒቨርሲቲው ዋና ግቢ ወይም በኪቶ ፉርዲሳ አካባቢ የሚሠራ አፓርታማ ለተማሪዎችና ለሠራተኞች በየክፍሉ ስለሚከራይ ልጆቹ ጥቂት፣ የአዋቂው ቁጥርና የውሃ ፍጆታው ግን ከፍ ያለ ይሆናል። በሄርማታ ወይም በጊንጆ በኩል ያለው ሰፈር ሌላ ውጤት ይሰጣል። ከተጠየቀው ዓይነት ሕንፃ ጋር የሚመሳሰል ሕንፃ ካለ ገብተው ነዋሪውን ይቁጠሩ፤ ግማሽ ቀን የማይፈጅ ሥራ ነው፤ ከማንኛውም ግምትም ይሻላል።

ደረጃ 3፦ ውሃ

1. *ፍላጎቱን ያስሉ።* በአገር አቀፍ ደረጃ ከ100,000 እስከ 1 ሚሊዮን ነዋሪ ላላቸው ከተሞች የተያዘው ልክ ለአንድ ሰው በቀን 80 ሊትር ነው። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ እንኳን ጅማ 120,960 ነዋሪ ስለነበራት የምትመደበው እዚህ ነው። 960 × 80 = 76.8 ሜትር ኩብ በቀን።

2. *ንግዱን ይጨምሩ።* ምግብ ቤት፣ ፔንሲዮንና የመኪና እጥበት ከሱቅ ጋር አይወዳደሩም። ተመሳሳይ ቤቶች ያላቸውን የውሃ ደረሰኝ ለምነው ይዩ። በምሳሌው 10 ሜትር ኩብ ይያዝ፤ ድምሩ 86.8 ይሆናል።

3. *ብክነቱን ያካትቱ።* ከማምረቻው የወጣው ውሃ ሁሉ ቆጣሪ ጋ አይደርስም። ብክነቱ 25 በመቶ ከሆነ 86.8 ÷ 0.75 = 115.7 ሜትር ኩብ መመረት አለበት። ብክነቱን 86.8 ላይ 25 በመቶ በመጨመር የሚያሰላ ሰው 108.5 ያገኛል፤ ስሕተት ነው።

4. *ፍጆታ ከፍ በሚልበት ቀን ይፈትኑ።* በ1.2 ሲባዛ 139 ሜትር ኩብ ገደማ በቀን ይደርሳል። ከቀሪ አቅሙ ጋር የሚነጻጸረው ይህ ነው።

5. *ግፊቱን ይለኩ።* ምርቱ ቢበቃም ግፊቱ ላይበቃ ይችላል። 1 ባር ግፊት ውሃን 10 ሜትር ያህል ያወጣል። የጂ+4 ሕንፃ የላይኛው ወለል ቢያንስ 12 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሚሆን በመስመር ውስጥ የሚጠፋውንና በቧንቧው አፍ የሚያስፈልገውን ጨምሮ 2.5 ባር ገደማ ያስፈልጋል። መለኪያውን ከግቢ ቧንቧ ጋር አስረው ጠዋት 1 ሰዓት፣ እኩለ ቀንና ማታ 1 ሰዓት ላይ፣ ውሃ በሚለቀቅበት የፈረቃ ቀን ያንብቡ።

*ሲበላሽ።* መሥሪያ ቤቱ ቁጥር ካልሰጠዎት በተፅዕኖ ወሰኑ ውስጥ 20 ቆጣሪ መርጠው ዛሬ ያንብቡ፤ ከ7 ቀን በኋላ ያንኑ ቆጣሪ ያንብቡ፤ ውሃ የነበረባቸውን ሰዓታት ከባለቤቶቹ ጠይቀው ይመዝግቡ። ሰዎች በቀን የሚያገኙት አሁን ከ80 ሊትር በታች ከሆነ ቀሪ አቅም የለም፤ ጉድለት አለ። አመልካቹ «ጣሪያ ላይ ሮቶ እሰቅላለሁ» ካለ መልሱ አጭር ነው፤ ሮቶ ውሃ ያጠራቅማል እንጂ አያመነጭም፣ ውሃው ከመስመሩ በፓምፕ ሲሳብ ደግሞ የጎረቤቱን መስመር ባዶ ያደርጋል። የራሱን ጉድጓድ እቆፍራለሁ ካለ በበጋ የተደረገ የፓምፕ ፍተሻ ውጤት ይጠይቁት።

ደረጃ 4፦ ፍሳሽና ጎርፍ

ከሚገባው ውሃ 80 በመቶው ተመልሶ ይወጣል ብለው ያስሉ፤ 86.8 × 0.8 = 69.4 ሜትር ኩብ በቀን ይሆናል። በጅማ ይህ የሚገባው ሴፕቲክ ታንክና ጉድጓድ ውስጥ ስለሆነ «አቅም» የሚባለው የአፈሩ የማስረግ ችሎታና የመጥረጊያ መኪናው ምልልስ ነው። አፈሩ የማያሰርግ ሆኖ ሁሉም ይጠረግ ቢባል በ8 ሜትር ኩብ ቦቴ በየቀኑ 9 ምልልስ ያስፈልጋል። ይህን ቁጥር በሰነዱ ላይ በግልጽ ይጻፉት፤ ብዙ ክርክር ያሳጥራል።

የማስረግ ፍተሻውን ሳያደርጉ አይለፉ። በዝቅተኛው የከተማው ክፍል፣ በተለይ ወደ ረግረጋማው ቦዬ በሚወርደው በኩል፣ ጥቁር ሸክላ አፈርና ቅርብ የከርሰ ምድር ውሃ ይገጥምዎታል። ጉድጓድ አስቆፍረው ውሃ ይሙሉበትና አፈሩ እንዲርስ ሌሊቱን ያሳድሩት፤ በማግስቱ እንደገና ሞልተው የሚወርደውን በየ30 ደቂቃው ይለኩ። ጠዋት ሲመጡ ውሃው እንዳለ ካገኙት ያ ቦታ በሴፕቲክ ታንክ 360 ቤተሰብ አይሸከምም፤ ትርፉ ወደ ዲቹ፣ ከዲቹም ወደ አዌቱ ይገባል።

ጎርፉን ለማስላት የፍሰት ጥምርታውን (ከዘነበው ውሃ ሳይሰርግ የሚፈስሰውን ድርሻ)፣ የዝናቡን ኃይል በሚሊ ሜትር በሰዓት እና ስፋቱን በሄክታር አባዝተው በ360 ያካፍሉ። በምሳሌው ጥምርታው ከ0.45 ወደ 0.75 ቢያድግና 60 ሚሊ ሜትር በሰዓት ቢዘንብ፣ የሚወርደው ከ0.225 ወደ 0.375 ሜትር ኩብ በሰከንድ ይጨምራል፤ በየሰከንዱ 150 ሊትር ተጨማሪ ማለት ነው። ከዚያ ዲቹን ተከትለው እስከ ወንዙ ይውረዱ። የሚወስነው በጣም ጠባቡ ቦታ ነው፤ ብዙውን ጊዜም የግቢ መግቢያ ተብሎ የተደፈነ ቱቦ ሆኖ ይገኛል።

ደረጃ 5፦ ትምህርት ቤት

የክፍሎችን ብዛት አይቁጠሩ፤ ወንበር ይቁጠሩ፣ ያውም በየክፍል ደረጃው። መመዘኛው በአንደኛ ደረጃ በአንድ ክፍል 50፣ በሁለተኛ ደረጃ 40 ተማሪ ነው።

በምሳሌው ከ960 ሰው 15 በመቶው ከ1ኛ እስከ 6ኛ ክፍል የሚማር ልጅ ነው ብንል 144 ልጅ፣ በየክፍል ደረጃው 24 ልጅ ይሆናል። ትምህርት ቤቱ «150 ክፍት ቦታ አለኝ» ቢል ጉዳዩ ያለቀ ይመስላል። ክፍት ቦታው ግን ብዙውን ጊዜ ያለው 5ኛና 6ኛ ክፍል ላይ ነው፤ 1ኛ ክፍል ላይ በአንድ ዴስክ አራት ልጅ ተጣብቆ ተቀምጧል። የ6ኛ ክፍል ባዶ ወንበር ለ7 ዓመት ልጅ አይሆንም። ስለዚህ ስድስት መስመር ያለው ሰንጠረዥ ይሥሩና ለእያንዳንዱ ክፍል ደረጃ መመዘኛውን፣ የተመዘገበውንና ልዩነቱን ይጻፉ።

ከርእሰ መምህሩ ጋር ሲነጋገሩ ሦስት ነገሮችን ይጠይቁ። አንደኛ፣ ትምህርቱ በፈረቃ ነው ወይስ ሙሉ ቀን? በፈረቃ የሚሠራ ትምህርት ቤት አቅሙን አስቀድሞ እጥፍ ተጠቅሞበታል፤ ፈረቃን እንደ ቀሪ አቅም መቁጠር አይገባም። ሁለተኛ፣ ቤተ መጻሕፍት ወይም ቤተ ሙከራ የነበረ ክፍል መማሪያ ሆኗል? ከሆነ የጉድለት ምልክት ነው። ሦስተኛ፣ መጸዳጃው ስንት ቀዳዳ አለው፣ ለሴቶችስ የተለየ ነው? ክፍል የሚበቃበት ትምህርት ቤት በመጸዳጃ ምክንያት የማይበቃ ሆኖ አግኝቼ አውቃለሁ፤ ከዚያ በፊት የነበሩት ሁለት ግምገማዎች መጸዳጃውን አላዩትም ነበር።

*ሲበላሽ።* የመዝገቡ ቁጥርና በዓይን የሚታየው ካልተስማሙ በሥራ ቀን ሦስት ክፍሎች ገብተው ይቁጠሩ፤ ሁለቱንም ቁጥሮች ይጻፉ። የግል ትምህርት ቤቶችን ወንበር በሕዝብ አገልግሎት አቅም ውስጥ አይደምሩ፤ ለብቻው በማስታወሻ ያስቀምጡት።

ደረጃ 6፦ ጤና ጣቢያ

በከተማ አንድ ጤና ጣቢያ ለ40,000 ሰው ይታሰባል። 960 ሰው የዚህ 2.4 በመቶ ነው፤ ለብቻው ሲታይ ትንሽ ስለሚመስል ሁሉም ያሳልፈዋል። አሥር ተመሳሳይ ለውጥ ሩብ ያህሉን ይወስዳል። የሦስት ወር የተመላላሽ ታካሚ መዝገብ ወስደው ዕለታዊ አማካዩንና ከፍተኛውን ቀን ያውጡ፤ በሥራ ላይ ላሉት ባለሙያዎች ቁጥር ያካፍሉ። ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ቅርብ መሆኑን እንደ ቀሪ አቅም አይቁጠሩ፤ እርሱ የሚያገለግለው ከከተማዋ ውጭ ያለውን ሰፊውን የደቡብ ምዕራብ አካባቢ ነው።

ደረጃ 7፦ መብራት

ተጨማሪው 240 ቤተሰብ ነው። ሁሉም በአንድ ጊዜ ሙሉ ጭነት ስለማይጠቀም በምሳሌው ለአንድ ቤት 1.5 ኪሎ ዋት ይያዝ፤ 360 ኪሎ ዋት ይሆናል፣ በፓወር ፋክተሩ 0.85 ሲካፈል 424 ኬቪኤ (የትራንስፎርመር አቅም የሚለካበት አሃድ) ገደማ፤ ንግዱ ገና አልተጨመረም። ባለ 315 ኬቪኤ ትራንስፎርመር በ80 በመቶ ጭነት ቢሠራ የሚሰጠው 252 ነው። ባዶውን ቢያገኙት እንኳን አይበቃም።

ጭነቱን የሚለኩበት ቀን ይመረጥ። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት ይስባል፤ በበዓል ዋዜማ ሰፈሩ ሁሉ እንጀራ ሲጋግር የሚታየው ጭነት በተራ ማክሰኞ ከሚታየው ፈጽሞ የተለየ ነው። ማታ 1 ሰዓት ላይ በመስመሩ መጨረሻ ባለው ቤት ቮልቴጁን ይለኩ፤ ከ220 ወርዶ 190 አካባቢ ካነበቡ መስመሩ ከወዲሁ ተጨናንቋል።

ደረጃ 8፦ መንገድና የእሳት አደጋ መኪና

በገበያ ቀን እና ቡና ከገጠር በሚገባበት ወቅት፣ ጠዋትና ማታ ለሁለት ሁለት ሰዓት ባጃጁን፣ ሚኒባሱን፣ የጭነት መኪናውንና እግረኛውን ለይተው ይቁጠሩ። ከዚያ የመንገዱን ጠባብ ቦታ በሜትር ይለኩ። በካርታ ላይ 10 ሜትር የተባለው መንገድ በአጥርና በድንጋይ ክምር 5 ሜትር ሆኖ ይገኛል፤ በሰነዱ የሚገባው መሬት ላይ ያለው ነው። የእሳት አደጋ መኪናው ገብቶ መዞር እንደሚችል ከአሽከርካሪው ጋር ቦታው ድረስ ሄደው ያረጋግጡ።

በዚሁ ደረጃ ለውጡ አረንጓዴውንና የጋራ ቦታውን የሚነካ መሆኑን ይመልከቱ። መዋቅራዊ ፕላን የሚመራበት የ30-30-40 ድልድል፣ ማለትም ለመንገድና መሠረተ ልማት 30፣ ለአረንጓዴና ለጋራ መገልገያ 30፣ ለሕንፃ 40 በመቶ፣ በለውጡ ምክንያት የሚዛባ ከሆነ በካሬ ሜትር ስንት እንደሚጎድል ይጻፉ።

ደረጃ 9፦ ቃል የተገባውን ይቀንሱ

በጣም የሚዘለለው ደረጃ ይህ ነው። ፈቃድ ተሰጥቷቸው ያልተገነቡ ሕንፃዎች፣ ጸድቀው መሬት ያልረገጡ ለውጦች፣ በሊዝ የተላለፉ ባዶ ቦታዎች ሁሉ አቅሙን ወስደዋል፤ ነዋሪው ገና አልመጣም እንጂ። ለምሳሌ ትምህርት ቤቱ 90 ቀሪ ወንበር ቢኖረውና ከእርስዎ ጉዳይ በፊት የጸደቁ ሁለት ለውጦች 110 ልጅ የሚያመጡ ከሆነ፣ የእርስዎ ጉዳይ የሚጀምረው ከ20 ጉድለት ነው።

ለዚህ አንድ የማያቋርጥ መዝገብ ያስፈልጋል። በየአገልግሎቱ አንድ ገጽ ይክፈቱ፤ ለውጥ በጸደቀ ቁጥር የሚወስደውን ይቀንሱ፤ ፈቃዱ ሲሰረዝ ይመልሱ። ባለሙያ ሲቀየር መዝገቡ በርክክብ ሰነድ ላይ ይጠቀስ፤ ካልተጠቀሰ በአንድ ሰው ኮምፒውተር ውስጥ ቀርቶ ይጠፋል።

ደረጃ 10፦ ውጤቱን ይጻፉ

ለእያንዳንዱ አገልግሎት አንድ መስመር ያለው ሰንጠረዥ ያዘጋጁ፤ ሊሰጥ የሚችለው፣ እየተሰጠ ያለው፣ ቃል የተገባው፣ ቀሪው፣ ለውጡ የሚጠይቀው፣ የተለካበት ቀን። ከዚያ ከሚከተሉት አንዱን በግልጽ ይምከሩ።

- ቀሪው ከሚጠየቀው ይበልጣል፤ ይጽደቅ።
- ጉድለቱ በታወቀ ሥራ ይሟላል፤ በምዕራፍ ይጽደቅ፣ የመጠቀሚያ ፈቃዱም ከሥራው መጠናቀቅ ጋር ይታሰር።
- በዝቅተኛ ጥግግት ይበቃል፤ ጂ+4 ሳይሆን ጂ+2 ይሁን። አዲሱን ስሌት ከደረጃ 2 ጀምረው ይሥሩት።
- አይበቃም፤ ይቆይ።

«በዕቅድ ተይዟል» የሚል መልስ እንደ አቅም የሚቆጠረው በጀቱ በያዝነው በጀት ዓመት ከጸደቀና ሥራው በውል ከተሰጠ ብቻ ነው። ከዚያ ውጭ ያለውን በሐሳብ ዓምድ ያስቀምጡት እንጂ በቁጥሩ አይደምሩት። ሰንጠረዡን በነዋሪዎች ውይይት ላይ በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ አንብበው ያስረዱ፤ «በየካቲት ውሃ የለንም» የሚል አንድ እናት ከተነሣች ንግግሯን በቃለ ጉባኤ ያስመዝግቡና በማግስቱ ቤቷ ድረስ ሄደው ቆጣሪውን ያንብቡ።

ካቢኔው ከምክርዎ የተለየ ውሳኔ ቢወስን ሰንጠረዡ ሳይነካ ከውሳኔው ጋር እንዲያያዝ በጽሑፍ ይጠይቁ፤ ጉድለቱንም በደረጃ 9 መዝገብ ላይ በአሉታዊ ቁጥር ያስፍሩ። የመጀመሪያው ሕንፃ ሰው ከገባበት ከስድስት ወር በኋላ በተመሳሳይ ቧንቧ፣ በተመሳሳይ ትራንስፎርመርና በተመሳሳይ ክፍሎች ላይ ልኬቱን ይድገሙ፤ የተገኘው ልዩነት ለቀጣዩ ግምገማ የቤተሰብ ብዛቱንና የፍጆታ ልኩን ለማረም ያገለግላል።